የባልቴቷ ግድግዳ

ቀለም ቀቢው «ጋሽ ቡሩሽ» የሚለውን ስም ያገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶች ነው። አርባ ዓመት የሰው ቤት ሲያሳምር ኖሮ፣ ከመሰላል ወድቆ ጉልበቱ አልታጠፍ ሲለው ሥራውን ተወ። ያን ጊዜ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ጠርተው «ልጆቹን ሙያህን አስተምርልን፣ በአገልግሎት ጉዞም ምራልን» አሉት። ደስታውን መደበቅ አልቻለም። ሚስቱ «ደግሞ ዛሬ ማን ሾመህ?» ብላ እስክትስቅበት ድረስ አሮጌ ቡሩሾቹን ሲያጥብ ዋለ።

ሲያስተምር አይሰለችም፤ ሲቆጣ ግን አይጣል ነው። የድሮውን ቀለም ፋቁ፣ ስንጥቁን በስቱኮ ድፈኑ፣ አቧራውን ሳትጠርጉ ቡሩሽ እንዳታነሱ! በዓመቱ ሃያ ልጆች ግድግዳ ቀቢ ሆኑ። ሌላ ግን ምንም አይችሉም፤ ሚስማር እንኳ የመታ የለም። ስለዚህ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን ተጉዘው አንዲት ትንሽ ከተማ ሲወርዱ፣ የሁሉም ችግር መድኃኒቱ ቀለም ነበር። ድህነት በቀለም የሚፈወስ ቢሆን ያቺ ከተማ ገና ድሮ ገነት በሆነች።

የመጀመሪያውን ቤት የመረጠው ራሱ ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ባልቴት ቤት ነው። አውቶቡሱ ከሚቆምበት ስለማይርቅ ባልዲ መሸከም አያደክምም፤ ግድግዳውም ለጀማሪ ይመቻል። አንዴ የሚቀቡ ቤቶች ዝርዝር ውስጥ ገባና በየዓመቱ ይቀባ ጀመር። ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ክሬም፣ ሰማያዊ። ባልቴቷ መርቀው ይቀበላሉ፣ መርቀው ይሸኛሉ። ለአገልግሎት የመጣ ሰው እንዴት እምቢ ይባላል?

በአምስተኛው ዓመት፣ ልጆቹ ዕቃ ሲያወርዱ፣ ባልቴቷ የቀቢውን እጅጌ ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡት።

«ልጄ፣ ላስቸግርህ ብዬ አይደለም… እስቲ ቀና በል።»

ቀና አለ። የጣራውን እንጨት ምስጥ ጨርሶታል፤ በቆርቆሮው ቀዳዳ ሰማይ ይታያል። ከሥሩ አልጋቸው አለ፤ አልጋው ላይ ውሃ መቀበያ ሁለት ሳህን።

«ክረምቱን የሚያልፍ ይመስልሃል?»

«መቼ ጀመረ፣ እማማ?»

«ኧረ ድሮ ነው! መጀመሪያ የመጣችሁ ጊዜም ያፈስ ነበር። ልጆቹ እየዘመሩ ሲሠሩ ምን ብዬ ላሳፍራቸው?»

ማፈርስ እሱ አፈረ። ስንት ዓመት ግድግዳቸውን ሲዳብስ አንድ ቀን ቀና ብሎ አላየም።

የጉዞው አስተባባሪ ዘንድ ሄደ። ባንክ የምትሠራ፣ የዓመት ፈቃዷን ሁሉ ለዚህ ጉዞ የምትሰጥ ደግ ልጅ ናት።

«ዘንድሮ ቀለሙ ይቅርና ጣራውን በአናጢ እናሠራላቸው» አላት።

«በምን ገንዘብ፣ ጋሽዬ? የተሰጠን ቀለም ነው። ደግሞ አናጢ ከሠራው ልጆቹ ምን ሊሆኑ ነው? ቆመው ሊያዩ? ወላጆቻቸውን አገልግሎት ነው ብለን እኮ ነው ያስፈቀድነው።»

«ይወድቃል እያልኩሽ!»

«ለሽማግሌዎቹ እነግራለሁ። የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ውስጥ ይገባል።» ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እሷስ ምን ታድርግ?

የሰፈሩን አናጢ ለምኖ አመጣው። አናጢው ከታች ሆኖ አየና «ይኼማ ጥገና አይደለም፣ አፍርሶ መሥራት ነው» ብሎ ዋጋውን ሲነግረው፣ ቀቢው እጁን ወደ ኪሱ እንኳ አልሰደደም። እሺ፣ ላስቲክ ላልብሰው ብሎ መሰላል አስደገፈ። ሦስተኛው እርከን ላይ ጉልበቱ አሻፈረኝ አለ። ሁለት ልጃገረዶች ደግፈው አወረዱትና «ጋሽዬ፣ እርስዎ ደግሞ አርፈው አይቀመጡም?» እያሉ ሳቁ። እነሱን ውጡ እንዳይል፣ የሰው ልጅ በበሰበሰ እንጨት ላይ አይላክም።

ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አስተባባሪዋን ሊወቅስ፣ ሽማግሌዎቹን ሊወቅስ ፈለገ፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ልጆቹ ከቀለም ሌላ ሙያ የማያውቁት በማን ሆነና ነው? ቤቱንስ ማን መረጠው? በመጨረሻ ተነስቶ ቡሩሽ አነሳ፤ ሌላ የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

ነጭ ቀቡት። እንደዚያ አምሮበት አያውቅም። ሲሰናበቱ ባልቴቷ አንገቱን አቅፈው «አይዞህ» አሉት። እሱን!

ክረምቱ በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ እሁድ ከሰዓት፣ ወጣቶቹ የጉዞውን ፎቶ ሊያዩ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ቀቢው በሩ ላይ እንደደረሰ ስልኩ ጮኸ።

«ልጄ፣ ጣራው ወረደ» አሉ ባልቴቷ። «እኔ ደህና ነኝ፤ ጎረቤት አስጠግተውኛል። እስከ መቼ እንደሚችሉኝ እንጃ። ግድግዳው ግን ምንም አልሆነም፤ ልጆቹ እንዳይከፋቸው ንገራቸው፣ እሺ?»

«እሺ፣ እማማ» አለ።

ሲገባ አጨበጨቡለት። ነጩ ቤት ስክሪኑ ላይ በትልቁ በርቷል፤ ባልቴቷ ደጃፉ ላይ ቆመው ይስቃሉ። አስተባባሪዋ «ጋሽዬ፣ አንድ ነገር ይበሉን» ብላ ማይክራፎኑን አስጨበጠችው። ልጆቹ ፊታቸው በርቶ ይጠብቁታል። ሊነግራቸው አፉን ከፈተ። ነግሯቸውስ? ሆድ ይፍጀው።

«ሰላም ብለዋችኋል» አለ። «ግድግዳው ደህና ነው።»