የእማማ ስሪ ድርሻ

በሰው አገር፣ ኦስዶርፕ በሚባለው ሰፈር፣ ከቤታችን ጀርባ ባለው የጋራ አትክልት ቦታ ለልጄ ሠርግ ጎመን አሳድጌ ነበር። አንድ ጠዋት ስደርስ ሙልጭ ብሎ ተቆርጧል። ጎረቤቴ እማማ ስሪ፣ የኢንዶኔዥያዋ አሮጊት፣ መዳፍ የምታህል ቢላቸውን ይዘው መደቤ ውስጥ ቁጢጥ ብለዋል። ጎመኑን እስር እስር አድርገው ከምረውታል።

"ማን ቁረጡ አለዎት?" ብዬ ጮህኩባቸው።

"በእኛ መንደር ሩዝ ሲደርስ ያልተጠራም መጥቶ ያጭድና ድርሻውን ይወስዳል። መሬት የሌለው የሚበላው በዚያ ነው፤ ባለቤቱ አይከለክልም" አሉና ከክምሩ አንዷን እስር አነሱ። "ይቺ የእጄ ናት፤ የቀረው ያንቺ።"

ሠርጉ እኮ ገና ሳምንት ይቀረዋል፤ ጎመኑ ሊጠወልግብኝ ነው። ደሜ ፈላ። ሌባ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር። ሌባ ይሰደባል፤ ሠርታልሽ ድርሻዋን የምትወስድን አሮጊት ምን ብለሽ ትሰድቢያታለሽ?

እኔስ ከማን አንሼ ብዬ በነጋታው ሳላስፈቅድ ቃሪያቸው ውስጥ ገባሁ። በንዴት ወገቤ እስኪቆረጥ ለቀምኩ። ቀና ስል እማማ ስሪ ወንበር አውጥተው፣ ፊታቸው በርቶ ያዩኛል።

"ጎበዝ ልጄ፣ ድርሻሽን አንሺ" አሉኝና በጣታቸው ወደ ማዶ አመለከቱ። "ያኛውም መደብ ደርሷል።"