እትዬ ሸሪፋና የእናቴ ሞተር

ባለፈው ዓመት ወልቂጤ መናኸሪያ አካባቢ የአገና ሚኒባስ እስኪሞላ ቆሜ ስጠብቅ አንድ ሽታ ከኋላዬ መጣ። የከረመ ዘይት ሽታ ነው፤ ግን የተለመደው የሞተር ዘይት አይደለም። ድስት ውስጥ ተረስቶ ያደረ ዓሣ የሚመስል፣ አፍንጫን ቆንጠጥ የሚያደርግ ሽታ። ዘወር ስል አንድ ጎረምሳ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሞተር ሳይክል የኋላ ሾክ ፈትቶ ጥቁሩን ዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ይገለብጣል። አላፊ አግዳሚው አፍንጫውን ይዞ ሲሸሽ እኔ ወደ ልጁ ጠጋ አልኩ። ሚኒባሱ ሞልቶ ረዳቱ ሲጣራ አልሰማሁም። አሥር ዓመቴ ሆኖ፣ ቡታጅራ፣ እትዬ ሸሪፋ ግቢ ውስጥ ቆሜ ነበር።

እትዬ ሸሪፋ ጎረቤታችን ነበሩ። የሁለታችንን ግቢ የሚለየው አንድ ረድፍ እንሰት ብቻ ነበር። ሰፊ ሰውነት ያላቸው፣ ሲስቁ ከአፋቸው ይልቅ ትከሻቸው የሚቀድም ሴት ነበሩ። ሥራቸው ማሾ መጠገን ነበር። መብራት ገጠሩን ባልነካበት በዚያ ዘመን የመስቃን ገበሬ ለሠርግም ለሐዘንም የሚያበራው፣ በእጅ ተነፍቶ በላምባ የሚነደው ያ ትልቅ ፋኖስ ሲታመም ወደ እሳቸው ይመጣል። ሙያውን ያገኙት ከአባታቸው ነው። ወንድሞቻቸው ተራ በተራ ለንግድ አዲስ አበባ ሲገቡ አባታቸው አጠገብ የቀሩት እሳቸው ነበሩና።

በገበያ ቀን በረንዳቸው ላይ የተደረደረው ማሾ ብዛቱ ሱቅ ያስመስለዋል። እትዬ ሸሪፋ ሰሌን ላይ እግራቸውን ዘርግተው ይቀመጡና አንዱን አንስተው ይነፉታል፤ ከዚያ ጆሯቸውን አስጠግተው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሐኪም ደረት ሲያዳምጥ እንደዚያ ነው የሚመስለው። «ይቺ ከአንገቷ ነው የምታፈስ» ይላሉ። ወይም ደግሞ «ይሄ ጎሚኒው ደርቋል፤ ባለቤቱም እንደሱው ደረቅ ነው፣ ቅቤ አይቀባውም» ብለው የማሾውን ባለቤት ያስቁታል፤ ጎሚኒ የሚሉት ንፋስና ዘይት እንዳያመልጥ የሚዘጋውን ጎማ ነው። እጃቸው ሁልጊዜ ላምባ ላምባ ይሸት ነበር። በሻይ ቅጠልም በሎሚም ቢያሹት አይለቅም።

እናቴን ከተማው ሲስተር ታደለች ይላታል። የክትባት ሠራተኛ ነበረች። መሥሪያ ቤቷ ለገጠር መንገድ የተሠራ፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ጎማው ጥርሳም የሆነ ሰማያዊ ሞተር ሰጥቷት ነበር። ከቀሚሷ ሥር ሱሪ ታጠልቃለች፤ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ታስራለች፤ የክትባቱን የበረዶ ሳጥን ከኋላ በጎማ ገመድ ጠፍራ ትነሳለች። ያኔ ሞተር የምትነዳ ሴት ከእሷ ሌላ አላውቅም ነበር። የጋሪ ፈረሶች እንኳ የለመዷት አይመስለኝም።

ከምትደርስባቸው ቦታዎች ሁሉ የሚከፋው ተራራው ጥግ ያለው ቀበሌ ነበር። መንገዱ ድንጋይ፣ ከድንጋይ ቀጥሎ ቦይ፣ ከቦዩ ቀጥሎ ሌላ ድንጋይ ነው። አንድ በጋ የሞተሩ የኋላ ሾክ ሞተ። ሾክ ማለት ከመቀመጫው በታች የሚቆም፣ ሞላ የተጠመጠመበት፣ የመንገዱን ምት ተቀብሎ የሚያለዝብ ዕቃ ነው። እሱ ሲሞት ምቱን የሚቀበለው የነጂው ወገብ ይሆናል። እማዬ ከሥራ ስትመለስ ሲሚንቶው ላይ በጀርባዋ ትንጋለላለች፤ እኔ ትራስ ከጉልበቷ ሥር እከታለሁ። እሷን ግን ከወገቧ ይልቅ የሚያንገበግባት ሳጥኑ ነበር። ስትከፍተው ሁለት ሦስቱ ብልቃጥ ተሰብሮ ታገኘዋለች። ልጆቻቸውን አዝለው በሰልፍ የቆሙትን እናቶች «ለእናንተ አልበቃም» ብላ መመለስ ነበረባት።

ኃላፊዋ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ገና ወጣት ሆኖ ለመመሪያ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነበር። አዲስ ሾክ ከበላይ እንደተጠየቀ፣ እስኪመጣ ሞተሩ እንዲቆም፣ እሷም ካርድ ክፍል እንድትገባ ነገራት።

«ተራራውስ?» አለችው።

«ተራራው ይቆያል፤ ምን እናድርግ?»

የዚያን ቀን ማቃሰቷን እትዬ ሸሪፋ በእንሰቱ መሃል ሰምተው መጡ።

«ሲስተር፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ወገቤ ነው እትዬ ሸሪፋ። የሞተሩ ሾክ ሞቷል።»

«ምኑ? እስቲ አሳዪኝ።»

እማዬ ወገቧን ይዛ ተነሳችና አሳየቻቸው። እትዬ ሸሪፋ አጎንብሰው ዘይት የተዝረከረከበትን ብረት በጣታቸው ነኩ፤ አሸተቱ፤ ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ውስጡ ምንድነው ያለው?»

«ዘይትና ንፋስ ነው ይላሉ።»

ትከሻቸው መነቅነቅ ጀመረ። «ዘይትና ንፋስ? ወላሂ እኔ ዕድሜዬን የበላሁት በዘይትና በንፋስ ነው! ፍቺልኝ።»

እማዬ በማግሥቱ ፈቃድ ጠየቀች። ኃላፊው «የመንግሥት ንብረት በሴት ጓዳ አይፈታም» አላት። ቅዳሜ ጠዋት ግን ሾኩ በጋዜጣ ተጠቅልሎ እትዬ ሸሪፋ ሰሌን ላይ ነበር።

እንዴት እንደፈቱት ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። መጀመሪያ እኔን ወደ በሩ አባረሩኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ጎን መልሰው የመንፊያውን ጫፍ በሚስማር ተጫኑት። የቀረችው ትንሽ ንፋስ «ትስስ» ብላ ወጣች። «አሁን አይናከስም» አሉ። ሞላውን ለመጨቆን ብረት በያጁን በሁለት ረጃጅም ብሎን የሚጠብቅ ማሰሪያ አሠርተውት ነበር። ሞላው ሲወጣ፣ መክደኛው ሲነሳ፣ ያ የዓሣ ሽታ ግቢውን ሞላው። ዶሮዎቹ እንኳ ራቅ አሉ። እትዬ ሸሪፋ ዘንጉን በነጭ ጨርቅ ጠርገው ወደ ፀሐይ ያዙትና የፀጉር ያህል ጭረት አገኙ። ጭረቱን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሱ ጀመር፤ የጠዋቱ ሥራ እሱ ብቻ ሆነ። የተበላውን ጎሚኒ ልክ በክርና በካርቶን ወስደው መርካቶ ላለው ወንድማቸው ላኩ። በሦስተኛው ቀን የአውቶቡሱ ሾፌር በክብሪት ቀፎ ውስጥ አዲስ ጎሚኒ አመጣ። ሰፋ። በሳምንቱ ሌላ መጣ። ልክ ሆነ።

አዲስ ዘይት ሞሉ፣ ዘንጉን ቀስ እያሉ ከፍ ዝቅ እያደረጉ አረፋውን አስወጡ፣ ዘጉት። ንፋሱን ጎሚስታው ቤት ባለው ኮምፕሬሰር አስሞሉት። እማዬ ነድታው ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነበር። «አልጋ ላይ የተቀመጥኩ ነው የመሰለኝ!» አለች። እትዬ ሸሪፋ ምንም እንዳላደረጉ ሁሉ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ደስታው ሁለት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን እናቴ ከተራራው ሞተሩን እየገፋች ተመለሰች። ሽቅብ ስትወጣ ሾኩ ግሎ፣ አዲሱ ጎሚኒ ተተፍቶ፣ ዘይቱ ጎማው ላይ ፈሷል። ከሳጥኑ ውስጥ የተረፈው ከግማሽ በታች ነበር። ኃላፊው ሰማ። «ሰኞ የሞተሩን ቁልፍ ታስረክቢያለሽ» ብሎ መልእክት ላከ።

እትዬ ሸሪፋ ሾኩን እንደገና ፈቱት። ንፋሱ የሚቀመጥበትን ክፍል በጣታቸው ሲዳብሱ እርጥበት አገኙ። ጣታቸውን ለእማዬ አሳዩዋት። «ውሃ ነው። የጎሚስታው ንፋስ ውሃ አለበት። ሲግል አበጠና ጎሚኒውን ገፋው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሲስተር፤ ንፋስ ሁሉ አንድ መስሎኝ።»

«ታዲያ ደረቅ ንፋስ ከየት ይመጣል?»

እማዬ ይህን ስትጠይቅ ራሷ አንድ ነገር ትዝ አላት። በዚያው ሳምንት ከወልቂጤ አንድ ቴክኒሻን የክትባት ፍሪጅ ሊጠግን መጥቷል። የፍሪጁን ቧንቧ የሚያጥበው ከረጅም ሲሊንደር በሚወጣ ጋዝ ነው። ለምን በንፋስ አታጥበውም ብላ ስትጠይቀው «ንፋስ እርጥብ ነው፤ ይሄ ናይትሮጅን ነው፣ ደረቅ» ብሏት ነበር።

እትዬ ሸሪፋ ቢሮ የሚባል ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። የዚያን ቀን ግን ከማሾዎቻቸው አንዱን ነፍተው ለኮሱና፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እያንሿሿ የሚነድ ማሾ አንጠልጥለው ገበያውን መሃል ለመሃል አቋርጠው ወደ እማዬ መሥሪያ ቤት ሄዱ። እማዬና እኔ ከኋላ ነን። ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። ጋሽ ከድር የሚባሉት ባለጋሪ ፈረሳቸውን አቁመው «ሸሪፋ፣ ፀሐይዋ አላበራ አለችሽ?» ብለው ሲጮሁ እሳቸው ዞር እንኳ አላሉም።

ቴክኒሻኑ ፍሪጁ ሥር ተጋድሞ ነበር። ብቅ ብሎ ማሾውን ሲያይ ሳቁ አመለጠው።

«እናቴ፣ ምን ልርዳዎት?»

«ይቺ በምን ትነዳለች?» አሉት።

«በላምባ።»

«ላምባው ብቻውን ይነዳል?»

«አይ፤ ንፋስ ይገፋዋል።»

«ይሄን ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ። አንድም ቀን እጄ ላይ አልፈነዳም። አሁን አንድ ዕቃ አለኝ፤ ዘይቱን አውቃለሁ፣ ጎሚኒውን አውቃለሁ፣ የጎደለኝ ያንተ ደረቅ ጋዝ ነው። ለኔ አይደለም፤ ተራራው ላይ ላሉት ሕፃናት ነው። ትሰጠኛለህ ወይስ አትሰጠኝም?»

ሳቁን አቆመ። ተነስቶ እጁን ጠረገ፤ ስለ ጎሚኒው፣ ስለ ዘይቱ፣ ስለ ጭረቱ ጠየቃቸው። አንዱንም አልሳቱም። «ዕቃውን ሰብስቤ እመጣለሁ» አለ።

እሑድ ጠዋት ሲሊንደሩ በጋሽ ከድር ጋሪ ተጭኖ ሰፈራችን ገባ። ሰፈሩ ቦምብ ነው አለ። አንዷ ጎረቤት ዶሮዎቿን ሰብስባ እህቷ ቤት ሄደች። እትዬ ሸሪፋ መርካቶ ያለው ወንድማቸው በመጠባበቂያ የላከውን ጎሚኒ ገጥመው ጨርሰው ይጠብቁ ነበር። ቴክኒሻኑ ቀጭኑን ቱቦ ገጠመ፤ ጋዙን በጥቂት በጥቂቱ ለቀቀ። የመለኪያው መርፌ ስትነሳ ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘናል። «በቃ» አሉ እትዬ ሸሪፋ፣ መርፌዋን ሳይሆን ዓይናቸውን ጨፍነው ሾኩን እያዳመጡ። ቴክኒሻኑ መርፌዋን አየ፤ ልክ ያሰበው ላይ ቆማለች። አንገቱን ነቀነቀ።

«ማነው የሚሞክረው?» አለ።

«ሦስታችንም!» አሉ እትዬ ሸሪፋ።

እማዬ ፊት፣ እኔ መሃል፣ ሞተር ላይ ወጥተው የማያውቁት እትዬ ሸሪፋ በጋሽ ከድርና በቴክኒሻኑ ድጋፍ ከኋላ። የጋሪ ጎማ የቆፈረውን የሰፈራችንን መንገድ ከላይ እስከ ታች ወረድነው። በእያንዳንዱ ጉድጓድ «ያ አላህ!» እያሉ ወገቤን ይጨመድዱታል፤ ሞተሩ ግን ከፍ ይልና እንደ ሰነፍ ግመል ረጋ ብሎ ይወርዳል። ታች ስንደርስ ጩኸታቸው ሳቅ ሆኖ ነበር። «ድገሚው፣ ሲስተር! ድገሚው!» አሉ። ሦስት ጊዜ ደገምነው።

ሰኞ እናቴ ቁልፉን አላስረከበችም። ማለዳ ተራራው ሄደች። ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ቤታችን ሳትገባ ቀጥታ እትዬ ሸሪፋ በረንዳ ላይ ሳጥኑን አስቀምጣ ከፈተችው። ባዶ ብልቃጥ ብቻ ነበር፤ ሁሉም ደህና፣ አንድ ስባሪ የለም። እትዬ ሸሪፋ አንዱን አንስተው ወደ ብርሃን ያዙት። «አልሐምዱሊላህ» አሉና በቀሚሳቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ኃላፊው ከወር በኋላ በራሱ እግር መጣ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ሾክ በብብቱ ይዟል። በሩ ላይ ቆሞ ሲያመነታ እትዬ ሸሪፋ ቀና ብለው አዩት።

«የመንግሥት ንብረት በሴት ጓዳ ይፈታል እንዴ?» አሉት።

ጆሮው ድረስ ቀላ። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ፤ ሻይም ጠጥቶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ማሾዎቹ እየቀነሱ ሾኮቹ እየበዙ መጡ። የእርሻ ሠራተኛው፣ የወባ መድኃኒት ረጪው፣ ከአገና በኩል የሚመጣው ሰባኪ ሁሉ ዕቃውን ጠቅልሎ ይመጣል። እትዬ ሸሪፋ የሚጠግኑት ግን ባለቤቱ አጠገባቸው ተቀምጦ የሚያይ ከሆነ ብቻ ነበር። «ተራራ ላይ ሲበላሽብህ እኔን አታገኘኝም» ይሉታል። ያረፉት እኔ ወልቂጤ ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ለቀብር ስመጣ ቡታጅራ መንገድ ዳር የቆመው ሞተር ቁጥር ስፍር አልነበረውም።

ሚኒባሱ ጥሎኝ በሄደበት በዚያ ሳምንት፣ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ አዲስ የመጣ ባልደረባዬ ሙቀቱ ሲበዛበት የሸሚዙን እጅጌ ወደ ላይ ጠቀለለ። ክንዱ ላይ የሕፃንነት ክትባት ጠባሳ አለ፤ የጣት ጫፍ የምታህል፣ ክብ፣ የሚያብለጨልጭ። አገርህ የት ነው አልኩት። የዚያን ተራራ ቀበሌ ስም ጠራ። በሰማያዊ ሞተር የምትመጣ ሴት እንደነበረች እናቱ እንደነገረችው፣ ሞተሩ ሲሰማ ሕፃናቱ እንጨት ክምር ሥር ይደበቁ እንደነበር እየሳቀ አወራኝ። ስለ እትዬ ሸሪፋ ጠየቅሁት። ስማቸውን ሰምቶ አያውቅም።

ክንዱን አሳየኝ አልኩት። ግራ ገብቶት ዘረጋልኝ። ጠባሳዋን በአውራ ጣቴ ነካኋት።