ቦቢ ማሳል ሲጀምር

ነገሩ የጀመረኝ በላብ ነው። ሌሊት ሌሊት አንሶላዬ ይርሳል። ከዚያ ሳሉ መጣ። ብርድ ነው ብዬ ዝንጅብል አፍልቼ ጠጣሁ፤ አልለቀቀኝም። አንድ ቀን ከአክታዬ ጋር ደም አየሁና ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ተመረመርኩ። የሳንባ ቲቢ ነው ተባልኩ።

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ አቃቂ በሰቃ ብቻዬን ነው የምኖረው። ድሮ ትንሽ ካመመኝ ጠያቂ ቤቱን ይሞላው ነበር። ቲቢ መሆኑ ሲሰማ ግን ጎረቤቱ ከበር ላይ "እግዜር ይማርዎ" ብሎ መመለስ ጀመረ። ምግቡንም ደጃፍ ላይ አስቀምጠው ይሄዳሉ። አልፈርድባቸውም፤ ግን በጣም ከፋኝ። ያኔ ነው ግቢ ጠባቂ ውሻዬን ቦቢን ቤት ያስገባሁት። በእኛ ደንብ የውሻ ቦታው ደጅ ነው፤ ባለቤቴ ብትኖር ሁለታችንንም ታስወጣን ነበር። ሰው ሲመጣ ማስክ አደርጋለሁ፤ ሲሄድ አወልቃለሁ። ቦቢ አልጋዬ ሥር ይተኛል፣ ስስል ብድግ ብሎ ፊቴን ይልሳል።

መድኃኒት የምትሰጠኝ ነርስ፣ "አባባ፣ አንድ ክፍል አብሮዎት የሚያድር ካለ ይዘውት ይምጡ፤ መመርመር አለበት" ብላኝ ነበር። "ማንም የለም" አልኳት። ከውሻ ጋር አድራለሁ ማለት አፈርኩ። ደግሞስ የሰው በሽታ ውሻን ይይዛል ብሎ ማን ያስባል?

ከዚያ ቦቢ ሳለ። ደረቅ ሳል ነው። መብላት ተወ። የጎን አጥንቱ ወጣ። እኔ እየዳንኩ ነበር። እሱ ይከሳል።

እፍረቴን ዋጥ አድርጌ ለነርሷ ነገርኳት። አልሳቀችም። ወደ እንስሳት ሐኪም ላከችኝ።

ቦቢን ይዤው ሄድኩ፤ ሐኪሙ ደረቱን አዳመጠ። "ቲቢ ከሰው ወደ ውሻ ሊተላለፍ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ባይሆንም ያጋጥማል" አለኝ። "እሱ ከሆነ መልሶ ሰው እንዳያስይዝ በመርፌ እንዲያርፍ እናደርጋለን። ሌላ ኢንፌክሽንም ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ አንቲባዮቲክ እንሞክር። እርስዎ ግን አያስጠጉት።"

ደጅ አወጣሁት። በሩን ይቧጥጣል። አልከፈትኩም። አለቀስኩ። ሰው ሲሸሸኝ እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም።

ቀስ በቀስ መብላት ጀመረ፤ ሳሉም ለቀቀው፣ ሐኪሙም በቀጠሮው ደግሞ አይቶት "ቲቢ ቢሆን ኖሮ በዚህ መድኃኒት እንዲህ አያገግምም ነበር" አለኝ። ከዚያ በኋላ በርጩማ አውጥቼ፣ ማስኬን አድርጌ፣ እሱ ከወዲያ እኔ ከወዲህ ሆነን ፀሐይ እየሞቅን የቀረውን መድኃኒቴን ጨረስኩ፤ የመጨረሻው የአክታ ምርመራዬም ነጻ ሆነ።

እናንተ አሁን በዚህ በሽታ ያላችሁ፣ መድኃኒታችሁን አታቋርጡ፤ መስኮታችሁን ክፈቱ። ከማን ጋር እንደምትኖሩ ስትጠየቁ ውሻውንም ድመቷንም ሳታፍሩ ተናገሩ። ያቺን ነርስ ስላልሳቀችብኝ ሁልጊዜ አመሰግናታለሁ። ሰው አልቀርብ አለኝ እያልኩ ሳማርር፣ የቀረበኝን አንዱን ልገድለው ነበር።