ቃሉን ያላቀበልኩበት ዓርብ

ሥራዬ ሽማግሌ መጠበቅ ነው። ኤጀንሲው ሌላ ስም ሰጥቶታል፤ ሰርተፊኬትም አለው። ነገሩ ግን ያው ማጠብ፣ ማልበስ፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት፣ ሲነሡ መደገፍ ነው። ከዚያ በፊት ዴንቨር አየር ማረፊያ ዊልቸር እገፋ ነበር። ዊልቸር ስትገፋ ሰውየውን የምታየው ከጀርባው ነው፤ በሩ ላይ አድርሰኸው መልካም መንገድ ብለህ ትለየዋለህ። ይሄኛው ሥራ ግን ፊት ለፊት ነው፤ ስለዚህ ነገር ማንም አላስጠነቀቀኝም።

እሳቸውን ያገኘኋቸው ከዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ውስጥ፣ ከሀቫና መንገድ ብዙም በማይርቅ አፓርትመንት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሰማንያ አራት ዓመት እንግሊዛዊ ናቸው፤ ተዋናይ። ለኤጀንሲው ነርስ በስልክ "ተዋናይ ነበሩ" ስል ሰምተው ከመኝታ ቤት "ነኝ!" ብለው አርመውኛል። የመጀመሪያ ቀን በሩን ከፍተው "ግቢ" ሲሉኝ ድምፃቸው ኮሪደሩን ሞላው፤ ጎረቤታቸው የተጠራ መስሎት በሩን ከፈተ። እኔ ጋሼ እላቸው ጀመር። ትርጉሙን ጠይቀው ስነግራቸው ደስ አላቸው፤ እስከ ዛሬ ከተሰጣቸው ማዕረግ ሁሉ ይሄኛው ያለ ልምምድ የመጣ ነው አሉ።

ታሪካቸውን የሰማሁት ፀጉራቸውን ሳበጥር፣ ጥፍራቸውን ስቆርጥ፣ ቁርጥራጩን እየለቀምኩ ነው። አባታቸው ባቡር ጣቢያ ትኬት ቆራጭ ነበሩ። እሳቸው በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ለንደን የቴአትር ትምህርት ቤት ገቡ። የመጀመሪያውን ዓመት በጀርባቸው ወለል ላይ ተኝተው፣ ሆዳቸው ላይ መጽሐፍ አስቀምጠው፣ መተንፈስ ሲማሩ አሳለፉ።

"ዓመት ሙሉ መተንፈስ?" አልኳቸው።

"አንቺ ገና አልጀመርሽም" አሉኝ።

ከዚያ ሰይፍ መማዘዝ፣ ከደረጃ ላይ ወድቆ ሳይጎዱ መሞት፣ ሹክ ብለው ተናግረው ኋላ ወንበር ድረስ መሰማት ተማሩ። ሲመረቁ የተሰጣቸው ጦር ይዞ መቆም ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ሳይናገሩ ጦር ያዙ። ቀስ በቀስ መልእክተኛ፣ ከዚያ ልዑል፣ ከዚያ ንጉሥ ሆኑ። ለአንድ ወቅት ብቻ ሊጫወቱ ዴንቨር መጥተው የጥርስ ሐኪም ረዳት የሆነች ሴት አገቡና እዚሁ ቀሩ። እዚህ ደግሞ ንጉሥ ብዙም አይፈለግም። በአነጋገራቸው የተነሣ የቴሌቪዥን ክፉ ሰው አደረጓቸው፤ ቀጥሎ ለፍራሽ መሸጫ ማስታወቂያ ሠሩ፤ በመጨረሻ መኪና ሻጮችን አነጋገር አስተማሩ። ለንጉሥነት የተማረ ሰው ፍራሽ ላይ ተጋድሞ "ተመችቶኛል" ሲል የሚያሳየውን ቪዲዮ አሳይተውኛል። እኔ ሳቅኩ። እሳቸው ግን "ትንፋሼን ተመልከቺ፤ ጥሩ ነው" አሉኝ፤ እውነታቸውን ነበር። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅ የላቸውም።

የቀራቸው አንድ ሰው ነበር። እንግሊዝ አገር ያሉ፣ ትምህርት ቤቱ ከእሳቸው ጋር በአንድ ቀን የተቀበላቸው ሴት ተዋናይ። "ሚስቴ ሆናለች፣ እናቴ ሆናለች፣ አንድ ጊዜም መርዛኛለች" ይሉ ነበር። ሴትየዋ እሑድ እሑድ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ይደውላሉ። እኔ ቅዳሴ ቀርቶብኝ እሑድ የምገባውም ለዚህ ነው፤ ሸሚዛቸው መተኮስ፣ ከረባታቸው መታሰር፣ ጉሮሮ ማርጠቢያ ለብ ያለ ውሃ አጠገባቸው መቀመጥ ነበረበት። ለስልክ እኮ ነው! ማንም አያያቸውም። ሁለቱ ትንሽ ይሳደባሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ከዚያ ለምረቃ ፈተናቸው ያጠኑትን የድሮ ተውኔት ንግግር ተራ በተራ ይወጡታል። ለሞተ ሰው የሚባል ስንብት ነው። ለምን እሱን ብቻ እንደሚሉ አልጠየቅኩም።

በአዘቦት ቀን የማስጠናቸው እኔ ነበርኩ፤ መርሳት ጀምረው ነበርና። ቴአትር ቤት መጋረጃ ጀርባ ደብተር ይዞ የሚቀመጥ ሰው አለ፤ ተዋናዩ ሲጠፋበት ቃሉን ያቀብለዋል። ያን ሥራ ለእኔ ሰጡኝ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲቆሙ አሳዘኑኝና ራሳቸው እስኪያስታውሱት ጠበቅኩ። ተቆጡ።

"ስቆም አትዘኚልኝ" አሉኝ። "ተዋናይን የሚገድለው አዛኝ ነው። ቃሉን ስጪኝ፤ ወዲያው።"

እሺ አልኩ። ጎበዝም ሆንኩ።

አንድ ረቡዕ ጋሼ ከምሳ በኋላ ተኝተው ስልኩ ጮኸ። የሴትየዋ የእህት ልጅ ናት። አክስቷ እንዳረፉ ነገረችኝና "እባክሽ ንገሪያቸው፤ ሲነሡ ይደውሉልኝ" አለች። እሺ፣ እነግራቸዋለሁ አልኳት። ስልኩን ዘጋሁና ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ መክሰሳቸውን አቀረብኩ፤ አልነገርኳቸውም።

እንዴት ልንገራቸው? እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሰው ብቻውን ሳለ፣ ብስኩት እየበላ፣ በአንድ ሞግዚት አፍ አይረዳም። ሰው ተሰብስቦ በጠዋት ይኬዳል፤ የሚደግፍ ይኖራል፣ አብሮ የሚያለቅስ ይኖራል። የጋሼ ልብ ደግሞ ደካማ ነው፤ ዘመድ የላቸውም። ስለዚህ ዘመድ ልሰበስብላቸው ተነሣሁ። ለማኅበራችን ሦስት ሴቶች ደወልኩላቸው፤ አንዷ አየር ማረፊያ ዊልቸር የምትገፋ፣ አንዷ ታክሲ የምትነዳ፣ አንዷ ነርሲንግ ሆም የማታ ፈረቃ የምትሠራ ናት።

"ብቻሽን እንዳትነግሪያቸው" አለች ባለታክሲዋ። "ልባቸው ቀጥ ቢልስ?"

"እኔ ይሄን ዊኬንድ ዳብል ሺፍት ነኝ" አለች የነርሲንግ ሆሟ። "የሚቀጥለውም ተይዟል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሳተርዴይ ኦፍ እጠይቃለሁ።"

"ደግሞ ቀብሩ አልፏል፤ ምን ያስቸኩልሻል?" አለች ሦስተኛዋ።

እውነቷን መሰለኝ። እኛ አገር ሰው ዛሬ ሞቶ ዛሬ፣ ቢዘገይ ነገ ይቀበራል፤ መርዶ ሁልጊዜ ከቀብር ኋላ ነው። እንግሊዞች ሬሳ ሁለት ሦስት ሳምንት እንደሚያቆዩ ከየት አውቃለሁ? መጠየቅ ግን እችል ነበር። አልጠየቅኩም።

የመጀመሪያው እሑድ መጣ። ከረባቱን አሰርኩላቸው። አምስት ሰዓት አለፈ። "ስልካቸው ተበላሽቷል መሰለኝ" አልኩ። በሁለተኛው እሑድ ዓይኔን በጨው አጥቤ "የእህታቸው ልጅ ዘንድ ሄደዋል" አልኩ። እጃቸውን ስልኩ ላይ አድርገው ንግግሩን ብቻቸውን ሞከሩትና መሃል ላይ ተዉት። "ያለ እሷ አይወጣም" አሉ። እስከ ከሰዓት በኋላ ከረባታቸውን አላስፈቱኝም።

በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ስገባ ስልኩ ላይ መልእክት ነበር። የልጅቱ ድምፅ ነው፤ "ስለ ዓርቡ ልነግርዎት ነበር..." ስትል የመታጠቢያ ቤቱ በር ተከፈተ። አጠፋሁት። ዓርብ ያለችው ተዝካር ነገር ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሐሙስ ዕለት ደግሞ፣ ቅዳሜ ሳንደርስ መርዶው እንዳይቀድመን ብዬ፣ የስልኩን ገመድ ከግድግዳው ነቀልኩት። ይህን በእጄ ነው ያደረግኩት።

ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አራት ሴቶች ነጠላችንን አዘቅዝቀን በራቸው ላይ ቆምን። ጋሼ በፒጃማቸው ወጥተው በተራ ተመለከቱን፤ ፈገግ አሉ።

"የትኛው ተውኔት ነው ይሄ?" አሉ።

የነርሲንግ ሆሟ ቀድማ ማልቀስ ጀመረች። ክንዳቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸውና ነገርኳቸው። አላለቀሱም። ትንፋሻቸውን ሲስቡ ሆዳቸው ሲነሣና ሲወርድ አየሁት፣ ወለል ላይ ተኝተው እንደተማሩት።

"ቀብሩ መቼ ነው?" አሉ።

"አልፏል እኮ፣ ጋሼ። ካረፉ አሥራ ሰባት ቀን ሆናቸው።"

"የእኛ ሰው እንዲህ ቶሎ አይቀበርም" አሉና ስልኩን አነሡ። ዝም ያለ ነው። ተንበርክኬ ገመዱን ስሰካው ሁሉም ያዩኛል። ልጅቱ አነሣች፤ ድምፅዋ ለሁላችንም ይሰማ ነበር።

"ትላንት ነበር" አለች። "ቃል እንደተገባባችሁት ንግግሩን የሚያሰሙበትን ተራ ይዘንልዎት ነበር። ስልኩን ሣጥኑ አጠገብ አድርገን ደጋግመን ደወልን፣ ማንም አላነሣም። አሥር ደቂቃ ጠበቅንዎት። ከዚያ ወሰዷት።"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያ ንግግር ኪዳናቸው ነበር። ቀድሞ ለሞተው የቀረው ሊያሰማው፣ በወጣትነታቸው ተማምለው ስድሳ ምናምን ዓመት በአፋቸው ይዘውት ኖረዋል። እሑድ እሑድ የሚለማመዱት እንዳይጠፋባቸው ነው። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ሴቶቹ አንድ በአንድ ወጡ። እግራቸው ላይ ወደቅኩ። "ብቻዎን እንዳይሆኑ ብዬ ነው" አልኩ።

"ብቻዬን ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ" አሉኝ። ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። "አንድ ነገር ነው የጠየቅኩሽ። ስቆም ቃሉን ስጪኝ ብዬ።"

ያባርሩኛል ብዬ ጠበቅኩ። ሰኞ ስገባ በሩን ከፈቱልኝና እጄን ይዘው አስማሉኝ። ከእንግዲህ የጠየቁኝን ወዲያው ልነግራቸው፤ ቀድሞ የነገርኳቸውን ረስተው ቢጠይቁኝ እንኳ፣ ሳላዝን ልነግራቸው። ማልኩ። ምን እየማልኩ እንደሆነ አላወቅኩም።

ወር ሳይሞላ ረሱት። አንድ እሑድ ራሳቸው ሸሚዝ መርጠው ስልኩ አጠገብ ተቀመጡና "ደወለች?" አሉኝ። "አልደወሉም፣ ጋሼ። አርፈዋል" አልኩ። ፊታቸው እንደዚያ ቅዳሜ ሆነ። "ቀብሩ መቼ ነው?" አሉ። "አልፏል" አልኩ። በሚቀጥለው እሑድም እንዲሁ፣ ከዚያ በሚቀጥለውም። የአንዲትን ሴት ሞት ስንት ጊዜ ይረዳሉ? የኤጀንሲው ነርስ ሰምታ ተቆጣችኝ፤ ወሬ ቀይሪባቸው፣ ቴሌቪዥን ክፈቺላቸው አለችኝ። ንስሐ አባቴም ተዪው አሉኝ። ሁሉም ትክክል ናቸው፤ እሑድ ግን እዚያ ወንበር ፊት የምቆመው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ማታ እንቅልፍ የሚባል ነገር ተወኝ።

ባለፈው እሑድ እንደ ልማዳችን ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። "ቀብሩ መቼ ነው?" ሲሉኝ ግን አቅም አጣሁ። መሐላዬን አፈረስኩ።

"አሁን ነው፣ ጋሼ" አልኩ። "እርስዎን እየጠበቁ ነው።"

ተነሡ፤ ክንዴን አልያዙም። ስልኩን አንሥቼ ከፊታቸው ጠረጴዛው ላይ አጋደምኩት፤ በወዲያ በኩል ማንም የለም። ጀመሩት። ዕድሜያቸው ከላያቸው ወረደ፤ ግድግዳው ድምፃቸውን ቻለው አልልም። መሃል ላይ፣ ያኔ የተዉት ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። ወደ እኔ አልዞሩም፤ እጃቸውን ብቻ ትንሽ ዘረጉ። ቃሉን ወዲያው አቀበልኳቸው። እስከ መጨረሻው ወጡት፤ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሡ። እኔ ደብተሩን ደረቴ ላይ ይዤ፣ በስመ አብ፣ የወሰድኩባቸውን መለስኩላቸው አልኩ በልቤ።

ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ለብ ያለውን ውሃ ጠጡ። ከረባታቸውን አስተካከሉና ስልኩን አንሥተው በቦታው መለሱት።

"ደወለች?" አሉኝ።