በሂንዱዎቹ መቅደስ የጽዳት ሥራዬና ሽምግልናዬ

ኦሮራ ከተማ ባለው የሂንዱዎች ቤተ መቅደስ ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ "ጫማ እዚህ ይወልቃል" ሊለኝ አፉን ሲከፍት፣ እኔ አውልቄ ጨርሼ ነበር።

"ማን ነገረዎት?" አለኝ።

"እኛም ቤተ ክርስቲያን ስንገባ እናወልቃለን" አልኩት።

ሳቀና ሁለት የወለል መወልወያ ሞፕ ሰጠኝ፤ ቀዩ ለሽንት ቤት፣ ነጩ ለአዳራሹ። "ከተቀላቀሉ ተጣላን" አለ። አልተጣላንም።

ሥራው እንዲሁ መጥረግ ብቻ አይደለም። ለጸሎት የሚጠቀሙበት የእርድ ቅመም ዱቄት ወለል ላይ ሲፈስ ውሃ ካስነካሽው ይሰፋል፤ መጀመሪያ በደረቁ በቫኪውም ማሽን ትስቢዋለሽ። በጸሎት ሰዓት የሚያበሩት የኩራዝ ዘይት የሚለቀው በሙቅ ውሃና በሳሙና ነው። ለአምላካቸው የቀረበ አበባ ደግሞ ቢጠወልግም ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም፤ የራሱ ቅርጫት አለው፣ አትክልት ሥር ይቀበራል። ይሄ ነገራቸው ደስ ይለኛል። ያከበሩትን ሲጠወልግም አይንቁትም።

አርብ አርብ ትዳር የሚለምኑ ይመጣሉ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ጸሎቴ ሌላ ነው። ግን ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲለምን ማየት የትም ቢሆን ሆድ ያባባል። ሴንቴኒያል ከተማ ያለችው ልጄ "እማዬ፣ እዚያ አትፈሪም?" ትለኛለች። ምኑን ልፍራ? አበባ ነው የምጠርገው።

ከሚመጡት አንዷ ሚራ የምትባል ነርስ ነበረች። አንድ አርብ ጫማ መደርደሪያው አጠገብ ስታለቅስ አገኘኋት።

"ምነው ልጄ?"

"አባቴ ራቪን እንዳገባ አልፈቀደም፣ አንቲ። የራቪ እናትና አባት ሞተዋል። 'ስለሱ ማን ይናገራል?' ይላል። ያለ አባቴ ምርቃት ደግሞ አላገባም።"

ራቪን አውቀዋለሁ። በበዓል ቀን መቅደሱ ውስጥ የሚበላው ሰው ብዙ ነው፤ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ትልልቁን ድስት የሚያጥበው ግን እሱ ነው።

"በእኛ አገር ሽማግሌ ይላካል" አልኩና በምችለው እንግሊዝኛ አስረዳኋት።

እንባዋን ጠረገች። "ታዲያ እርስዎ ይሂዱልኛ!"

"ሴት አይላክም እኮ!"

"ያለን እርስዎ ነዎት።"

እውነቷን ነው። የመቅደሱን ካህን አብረውኝ እንዲሄዱ ለመንኳቸውና እሑድ ቶርንተን ከተማ ወዳለው አባቷ ቤት ሄድን። አባትየው ሶፋውን አሳዩን። ካህኑ ሊቀመጡ ሲሉ እጅጌያቸውን ያዝኩ። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም።

"ይቀመጡ እንጂ እማማ!"

"የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም።"

ደነገጡ። ለካ በእነሱም ቤት እንግዳ ማቆም ነውር ነው። ሻይ አመጡ፣ አልነካንም። ሌላ ወንበር አመጡ። ካህኑ በጆሮዬ "ጉልበቴን" አሉኝ። "ይቻሉት" አልኳቸው።

"ምንድን ነው የምትፈልጉት?" አሉ አባትየው ጨንቋቸው።

"ራቪን ልጅዎ እንዲያደርጉት። የሚናገርለት የለም ብለዋል፤ ይኸው መጥተናል። ማንም ሳያየው ድስት ሲያጥብ አይቻለሁ።"

ሚራ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። አባትየው ወደ እሷ አዩ፣ ከዚያ ወደ እኛ።

"ድስት ያጥባል?"

"ያረረውን ሳይቀር።"

"እኔ ማጠብ የተማርኩት ሚስቴ ከሞተች በኋላ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "እሺ፣ ሰጥቻለሁ። አሁን በእግዜር ተቀመጡ!"

ካህኑ ቀድመውኝ ተቀመጡ።

ሠርጉ መቅደሱ ውስጥ ሆነ። በማግስቱ ሙሽሮቹ ላይ የተበተነውን ሩዝ የጠረግኩት እኔ ነኝ።

ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይሄን ነው፤ በሰው ጸሎት ቤት ስትሠሩ ወጋቸውን ጠይቃችሁ ያዙ። የእናንተም ወግ ከጠቀማቸው አትሰስቱ።