ዩክ ሊን ሞተሩን ያጠፋች ዕለት

ዩክ ሊን ሞይ በአሜሪካዋ ኦክላንድ ከተማ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሕዝብ አውቶቡስ ነድታለች። መስመሯ በቻይናውያኑ ሰፈር በቻይናታውን ስለሚያልፍ የሰፈሩን ባልቴቶች በየፌርማታቸው ታውቃቸዋለች፤ ማን ለሐኪም ቀጠሮ፣ ማን አትክልት ለመግዛት እንደሚወጣ፣ የማን ጉልበት ደረጃ እንደማይችል።

የኮሮና ወረርሽኝ በገባ በዓመቱ ፌርማታዎቹ ጭር አሉ። ባልቴቶቹን ያስቀራቸው በሽታው ብቻ አልነበረም። መንገድ ላይ ሲገፈተሩ፣ ሲተፋባቸው፣ «በሽታችሁን ይዛችሁ ወደ አገራችሁ!» ሲባሉ ጊዜ ቤታቸውን ዘግተው ተቀመጡ። ከእነሱ አንዷ፣ እማማ ኩዋን፣ የስኳር መድኃኒታቸው ካለቀ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ዩክ ሊን ይህን ስትሰማ በእረፍት ቀኗ ሄዳ በራቸውን አንኳኳች።

«ፈርቼ እንዳይመስልሽ ልጄ፤ ብርዱ ነው» አሏት፣ በሩን በሰንሰለቱ ልክ ገርበብ አድርገው።

«እሱን ለሌላ ይንገሩ፣ እማማ። ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ በአውቶቡሴ ፌርማታዎ እመጣለሁ። ከኋላዬ ነው የሚቀመጡት።»

ማክሰኞ መጡ። ሐኪም ቤት ደርሰው፣ ብርቱካን ገዝተው፣ በዚያው አውቶቡስ ሲመለሱ አንድ ጎልማሳ ገባና ፊታቸው ተገተረ። «ተነሺ! ቫይረስሽን ሌላ ቦታ አራግፊ!» ብሎ ዘንቢላቸውን በእርግጫ አለው። ብርቱካኑ ወለሉ ላይ ተበተነ።

ዩክ ሊን ዳር ይዛ ቆመች። ሞተሩን አጥፍታ በሩን ከፈተች።

«ውረድ።»

«ሥራሽ መንዳት ነው፤ ንጂ!»

«ሥራዬን አንተ አትነግረኝም። እስክትወርድ ይቺ አውቶቡስ ንቅንቅ አትልም።»

«ኧረ ሥራ ረፈደብን!» አለ ከኋላ አንዱ።

«ለእሱ ንገረው እንጂ ለእኔ ምን ትነግረኛለህ?» አለች ዩክ ሊን።

የጽዳት ሠራተኛ ልብስ የለበሰች ሴት ከመቀመጫዋ ተነስታ ብርቱካኑን መልቀም ጀመረች። «አልሰማህም? ውረድልን!» አለች ቀና ሳትል። ቀጥሎ ረፈደብን ያለውም ሰውዬ፣ «ውረድ በቃ!» አለ። ጎልማሳው እየተሳደበ ወረደ።

አሥራ አራት ደቂቃ ዘገየች። ከሰዓት በኋላ አለቃዋ ጠርቶ፣ «የቴክኒክ ችግር ነው ብለሽ ጻፊና እንርሳው» አላት።

«ሞተሩ ደህና ነው» አለች። «የገጠመኝ ዘረኛ ነው፤ የምጽፈውም እሱን ነው።»

ጻፈች። በመዘግየቷ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ ቃሏን ግን አልቀየረችም።

እስከ ዛሬ ከቤት የማይወጡ ባልቴቶች አሉ። በማክሰኞው አውቶቡስ ግን በበጋው ማብቂያ የሚሳፈሩት ባልቴቶች አሥራ አንድ ደርሰው ነበር፤ በቻይና ቋንቋቸው፣ በካንቶንኛ፣ እየተንጫጩ የፈለጉት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ።