ማኅደር የለበሰችው ዲስክ

ላሊበላ ውስጥ ወርቅአገኘሁን የማያውቅ ቢኖር ሬዲዮ የሌለው ሰው ብቻ ነው። የጥገና ሱቁ ከእኔ የልብስ ስፌት ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ስለዚህ እሱ ሽቦውን ሲሳደብ እኔ እሰማለሁ፣ እኔ ሳንጎራጉር እሱ ይሰማል። «ነገ መጥተህ ውሰደው» ያለው ሬዲዮ ለፋሲካ ቢደርስ ነው። አንዴ ሠርቶ ካስረከበ ግን ቶሎ አይበላሽም፤ ይህን የሚጠላውም ይመሰክርለታል።

አባቱ መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ የዜማ መምህር ናቸው። ወርቅአገኘሁ እሳቸው ዘንድ ድጓ ጀምሮ ሳይጨርስ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ደሴ ኮብልሎ የሬዲዮ ጥገና ተማረ። ይህ ነገር እስከ ዛሬ አልተዋጠላቸውም። «ልጅዎ ምን ይሠራል?» ሲባሉ «ሽቦ ይፈትላል» ይላሉ። ሱቁን ረግጠውት አያውቁም። እሱ በቀልድ ያልፈዋል፤ እኔ ግን የግድግዳ ተጋሪው ነኝና አውቃለሁ፤ አባቱ አንድ ቀን ገብተው ሥራውን ቢያዩለት በማግሥቱ ሱቁ ቢፈርስም አይቆጨውም ነበር።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ አሮጌ መመርመሪያ ማሽን ትቶለት ሄደ። ማሽኑ ሣጥን ያህላል፤ ፊቱ ላይ ትንሽ መስኮት አለችው፤ ድምፅ ሲገባበት መስኮቷ ላይ አረንጓዴ መስመር ሆኖ ይሳላል። ችግሩ፣ በራሱ ምንም አያውቅም። በተነሣ ቁጥር ምን መሥራት እንዳለበት ከአንዲት ፍሎፒ ዲስክ አንብቦ ነው የሚጀምረው። መሐንዲሱ የዲስኳን ግልባጭ ሰጥቶት ዋናዋን ይዞ ሄደ።

ለአባቱ ሲነግራቸው እኔም ነበርኩ። ልጃቸው ቢሆንም እንደ ተማሪ «የኔታ» ነው የሚላቸው።

«የኔታ፣ ድምፅ የሚጽፍ ማሽን አግኝቻለሁ።»

«እንደ ድጓው ምልክት?» አሉ። ከድጓው ፊደል በላይ የሚጻፉትን፣ ዜማው የት እንደሚወጣና የት እንደሚወርድ የሚያሳዩትን ምልክቶች ማለታቸው ነው።

«ይመስለዋል የኔታ። ግን በተነሣ ቁጥር ትምህርቱን እንደ አዲስ ማንበብ አለበት።»

«ከአንተ ይሻላል እኮ። አንተ አንዴም አልጨረስክ።» ጥቂት አሰቡና «ለመስቀል መጥቼ አየዋለሁ» አሉት።

ደስታው ልቡን አሳተው። ዲስኳን አቧራ እንዳይነካት ብሎ ቆዳ ሰፊ ዘንድ ወሰዳትና እንደ ዳዊት መጽሐፍ ማኅደር አሰፋላት። ማኅደር ደግሞ መሬት አይቀመጥም፤ አይጥ እንዳያገኘው ኩላብ ላይ ይንጠለጠላል። እሱም በወጉ አንጠለጠላት። ከኩላቡ ሥር ለጥገና ከየደብሩ የመጡ ድምፅ ማጉያዎች ተደርድረዋል፤ ማኅደሯም በትልቁ ድምፅ ማጉያ ጀርባ ላይ ተደግፋ ከረመች። ድምፅ ማጉያ ሆዱ ውስጥ ማግኔት አለው፤ ማግኔት ደግሞ ዲስክ ላይ የተጻፈውን ያጠፋል። በላስታ ምድር ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ቢፈለግ እሱ ራሱ ወርቅአገኘሁ ነው!

በመስቀል ዋዜማ ማሽኑን አስነሥቶ ዲስኳን አጎረሰው። ማሽኑ አጉረመረመና ዝም አለ። ደጋግሞ ሞከረ፤ ያው ነው። ኩላቡን ቀና ብሎ ሲያይ ገባው። ሚስቱ ይማርሽ «ማኅደሩስ አምሮባት ነበር» አለች፤ አልሳቀም። መሪጌታም እንዳልሆነ ሲነገራቸው «አውቄዋለሁ» ብቻ አሉ።

ለፈረንጁ ዋናዋን ዲስክ እንዲልክለት ጻፈ። እንግሊዝኛውን ያቃናለት አስጎብኚው ደሳለ ነው። ስለ ማኅደሩ መጻፍ አሳፍሮት «አይጥ በላት በልልኝ» አለው። መልሱ ስምንት ወር ፈጀ። በነዚያ ወራት፣ ድሮም ሞራ የጀመረው የመሪጌታ ዓይን ጨርሶ ተጋረደ። በግንቦት ዲስኳ ስትደርስ በሰው እጅ ነበር የሚመሩት። ወርቅአገኘሁ ፖስታውን ይዞ መጥቶ እኔ ሱቅ ቁጭ አለ።

«አሁን እሳቸው ካላዩት ምን ያደርግልኛል? በገዛ እጄ እኮ ነው ያሳለፍኩት» አለኝ። ያን ቀን ላሾፍበት አልቻልኩም።

ማሽኑ ግን በዋናዋ ዲስክ ተነሣ። መሪጌታም ሰሙ። «ባላይም፣ እመጣለሁ ያልኩት እኔ ነኝ» አሉና በይማርሽ ትከሻ ተደግፈው ገቡ። ልጃቸው በርጩማ ላይ አስቀምጦ ማይክራፎን አስያዛቸው። አዜሙ። አረንጓዴው መስመር ተነሣ፣ ወጣ፣ ወረደ፤ እሳቸው ግን ወደ ግድግዳው ዞረው ነበር።

«ምን ይላል?» አሉ ሲጨርሱ።

ወርቅአገኘሁ መስኮቷ ላይ የቆመውን መስመር በጣቱ እየተከተለ «እዚህ ቀጥ ብሎ ወጣ። እዚህ ደፉት። እዚህ ላይ...» ብሎ ቆመ። «እዚህ ላይ ተንቀጠቀጠ።»

«ርክርክ ነዋ!» አልኩ እኔ ቶሎ ብዬ። ርክርክ ዜመኛ ሆን ብሎ ድምፁን የሚያርገበግብበት ምልክት ነው፤ ሽማግሌው እንዳይከፋቸው ብዬ ነው።

«አይደለም የኔታ» አለ ወርቅአገኘሁ ቀስ ብሎ። «ርክርኩ ከዚያ ቀጥሎ ነው። ይሄኛው ድምፅዎ ደክሞ ነው።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ወደድኩ። መሪጌታ ግን ፊታቸውን ወደ ልጃቸው ድምፅ መለሱ።

«እዚያች ላይ መሰበር ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ ነው» አሉ። «የማስተምራቸው ሁሉ ልክ እንደዚህ ልብስ ሰፊ ያባብሉኛል። ለመሆኑ ርክርኩ የት እንደሚገባ አልረሳኸውም?»

«አልረሳሁም የኔታ።»

ማይክራፎኑን በሁለት እጃቸው ወደ አፋቸው አስጠጉ። «በል እንደገና ልበለው። ስሰበር ንገረኝ፣ ልጄ» አሉት።